የአነስተኛ ትራክተር ሃይድሮሊክ ማንሳት ሲያቅተው፦ ፓምፑ ከመፈታቱ በፊት ሊደረግ የሚገባው ምርመራ

መግቢያ

ሞተሩ በደኅና የሚሠራ፣ ጎማውም ያለ ችግር የሚዞር ትራክተር ማረሻውን ማንሳት ካቃተው እንደ ቆመ ይቆጠራል። ማሳው ጫፍ ላይ ሲደርስ ማረሻውን ከመሬት ሳያላቅቅ መዞር አይችልምና። ይህ ዓይነቱ ብልሽት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ሥራ በሚበዛበት ወቅት ነው። በአርሲና በባሌ ስንዴ አምራች ወረዳዎች የመኸሩ ዘር የሚዘራበት ጊዜ በጥቂት ሳምንታት የተወሰነ ስለሆነ፣ አንድ ትራክተር ለአንድ ሳምንት ቢቆም ወረፋ ከሚጠብቁት የማኅበሩ አባላት መካከል መጨረሻ ላይ ያሉት አዘግይተው ለመዝራት ይገደዳሉ። ዘግይቶ የተዘራ ስንዴ ደግሞ ፍሬው በቅጡ ሳይሞላ ዝናቡ ሊያቋርጥበት ይችላል።

በዚህ ጭንቀት መካከል በአብዛኛው የሚሰጠው ፍርድ «ፓምፑ ሞቷል» የሚል ነው። ፓምፑ ይፈታል፤ በብዙ ገንዘብ ሌላ ይገዛል፤ ትራክተሩ ግን አሁንም አያነሳም። ምክንያቱም ጥፋቱ ቀድሞውኑ የፓምፑ ሳይሆን የዘይት ማነስ፣ የማጣሪያ መደፈን፣ የአየር መግባት ወይም የአንድ ቫልቭ አለመዘጋት ነበር። ይባስ ብሎም ሜዳ ላይ በአቧራ መካከል የተከፈተው ክፍል ከመከፈቱ በፊት ያልነበረ ቆሻሻ ይዞ ይዘጋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ትራክተር ያላቸው ኅብረት ሥራ ማኅበራት ምርመራውን ምንም ወጪ ከሌለበት በኩል ጀምረው፣ ፓምፑን ከተጠርጣሪዎች ሁሉ መጨረሻ ላይ እንዲያስቀምጡት መርዳት ነው። የቀረበው ከ25 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያላቸውን ትራክተሮች በማሰብ ሲሆን፣ መካኒክ ብቻ ሊሠራው የሚገባውን የመፍታትና የመግጠም ሥራ አያስተምርም።

የአሠራሩ መሠረት

የሃይድሮሊክ ክፍል ዘይት ማጠራቀሚያ፣ ማጣሪያ፣ ፓምፕ፣ መቆጣጠሪያ ቫልቭ፣ የደኅንነት ቫልቭ እና ሲሊንደር ከነፒስቶኑ ይገኙበታል። ፓምፑ ዘይቱን ከማጠራቀሚያው ስቦ ይገፋል፤ መቆጣጠሪያው ቫልቭ በእጀታው ትእዛዝ መሠረት ወደ ሲሊንደሩ ያሳልፈዋል ወይም ይመልሰዋል፤ ፒስቶኑ ተገፍቶ ማንሻ ክንዶቹን ያነሳል። ግፊቱ ከመጠን ሲያልፍ የደኅንነት ቫልቩ ተከፍቶ ዘይቱን ወደ ማጠራቀሚያው ያፈሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ መጨበጥ ያስፈልጋል። ፓምፕ ግፊት አይፈጥርም። ፓምፕ የሚያደርገው ዘይት መግፋት ብቻ ነው። ግፊት የሚፈጠረው የተገፋው ዘይት መመለሻ አጥቶ ከፒስቶኑ ጀርባ ሲጨናነቅ ነው። በአነስተኛ ትራክተሮች ላይ ይህ ግፊት በአብዛኛው ከ140 እስከ 200 ባር ይደርሳል። 1 ባር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ያህል ክብደት እንደ መጫን ነው። ስለዚህ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፒስቶን ፊቱ 50 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በ150 ባር ግፊት 7500 ኪሎ ያህል ጉልበት ያገኛል። በክንዶቹ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ጉልበት በክንዶቹ ርዝመት ምክንያት ከዚህ በጣም ያንሳል፤ ቢሆንም በጉልበት የማይነቃነቅ ማረሻ በአንድ ጣት እጀታ የሚነሳበት ምክንያት ይኸው ነው።

ከዚህ አሠራር በመነሳት ክንዶቹ አልነሳ ሲሉ ሊኖር የሚችለው ምክንያት ከሦስት አያልፍም። ወይ ዘይቱ ከመጀመሪያው አልሄደም፤ ወይ ሄዶ በመንገድ ላይ መመለሻ አግኝቷል፤ ወይም በሙሉ ግፊት ደርሶ ከአቅም በላይ የሆነ ሸክም ወይም የተያዘ ብረት ገጥሞታል። የምርመራው ሥራ ሁሉ ከነዚህ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ነው።

ሁለት ዓይነት አሠራሮች

በመስክ የሚገኙት ትራክተሮች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው የፈርጉሰን ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 ከተሠራው ከቲ.ኢ. 20 ጀምሮ በማሴይ ፈርጉሰን 35 እና 135፣ በፈቃድ በተሠሩት የዩጎዝላቪያው አይ.ኤም.ቲ. እና የሕንዱ ታፌ ትራክተሮችም ላይ ይገኛል። በዚህ ዓይነት ላይ ባለ 4 ፒስቶኑ ፓምፕ በትራክተሩ ሆድ ውስጥ በካምቢዮው ዘይት ተጠልቆ ይቀመጣል። መቆጣጠሪያው ቫልቭም ከፓምፑ ጋር የተያያዘ ሲሆን የሚቆጣጠረው ፓምፑ የሚስበውን ዘይት ነው። እጀታው ወደ ቫልቩ የሚያስተላልፍበት ዘንግ ቢላቀቅ ወይም ቢጣመም፣ ፓምፑ ምንም ሳይጎድለው ዘይት ሳይስብ ዝም ብሎ ይሽከረከራል።

ሁለተኛው ዓይነት ባለ ጥርስ ፓምፑ ከሞተሩ ጎን ተገጥሞ ዘይቱን በቱቦ የሚስብ ነው። ዘይቱ ለብቻው ማጠራቀሚያ ይኖረዋል፤ አለዚያም ከካምቢዮው ጋር የጋራ ይሆናል። በዚህኛው ላይ ፓምፑ ለመፍታት ቀላል ነው። ያለ በቂ ምርመራ እየተፈታ የሚጣለውም ከዚሁ የተነሳ ይመስላል።

ከመነካቱ በፊት

የተነሳ ማረሻ ሁልጊዜ ሊወርድ እንደሚችል ተደርጎ መታየት አለበት። ከታቹ መግባት፣ እጅን በክንዶቹ መካከል ማስገባት የተከለከለ ነው። ተነስቶ መመርመር ያለበት ከሆነ ወፍራም የእንጨት ግንድ ከታቹ ይደገፍ፤ የተደራረበ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ግን አይታመንም። ማንኛውም ቱቦ ወይም መጋጠሚያ ከመላላቱ በፊት ማረሻው መሬት ላይ ይቀመጥ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ እጀታውም ጥቂት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ተንቀሳቅሶ በቱቦው ውስጥ የቀረው ግፊት ይውጣ።

ዘይት የሚያፈስበት ቀዳዳ በእጅ አይፈለግም። በግፊት የሚወጣ ቀጭን ዘይት ዓይን ላያየው ይችላል፤ ነገር ግን ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ለፍለጋው ቁራጭ ካርቶን በቂ ነው፤ ሲጠጋ ዘይቱ ምልክት ይጥልበታል። እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ቁስሉ እንደ እሾህ መውጊያ ትንሽ ስለሚመስለው በመጀመሪያ ብዙም ላያመውና ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። ከሰዓታት በኋላ ግን እጁ ያብጣል፤ ከዘገየ ጣት ወይም እጅ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ስለዚህ «እስኪ እስከ ነገ ይታይ» ሳይባል በዚያው ሰዓት ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መወሰድ፣ ለሐኪሙም በግፊት የወጣ ዘይት እንደሆነ መነገር አለበት። ይህን እያንዳንዱ የትራክተር ሾፌርና ረዳት እንዲያውቀው ማድረግ የማኅበሩ ኃላፊነት ነው።

በመጀመሪያ፦ በእርግጥ የሃይድሮሊክ ችግር ነውን?

መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ሾፌሩ በቅድሚያ ይጠየቅ። ትናንት ይሠራ ነበር ወይ? በድንገት ነው ያቆመው ወይስ ቀስ በቀስ እየደከመ? ከማቆሙ በፊት የተደረገ ነገር አለ? ዘይት ተጨምሯል? ሌላ መሣሪያ ተገጥሟል? ተሳቢ ተውሶ ነበር? ትራክተሩ ታጥቧል? የብዙው ብልሽት ፍንጭ ከነዚህ መልሶች ውስጥ ይገኛል። በድንገት የቆመ ክፍል ብዙውን ጊዜ የተላቀቀ፣ የተሰበረ ወይም የተቀረቀረ ነገር አለበት። ቀስ በቀስ የደከመ ግን ወይ እየተደፈነ ወይ እየተበላ የመጣ ነው።

ቀጥሎ የእጀታዎቹ አቀማመጥ ይታይ። ከፈርጉሰን ዓይነቶቹ ብዙዎቹ ሁለት እጀታ አላቸው፤ አንዱ ማረሻው በአፈሩ ክብደት መጠን ጥልቀቱን እንዲያስተካክል፣ ሌላው ክንዶቹ በተፈለገው ከፍታ ላይ እንዲቆሙ የሚያደርግ ነው። ሾፌር ሲለዋወጥ፣ ወይም ከማረሻ ወደ መከስከሻ ሲቀየር፣ አንደኛው እጀታ ያለ ቦታው ይቀርና ክንዶቹ አልታዘዝ ይላሉ። በአሮጌው ቲ.ኢ. 20 ላይ ደግሞ የፒ.ቲ.ኦ. እጀታ ካልገባ ፓምፑ ጨርሶ አይዞርም። ነጠላ ፍሪሲዮን ባላቸው ሌሎች የፈርጉሰን ዓይነት ትራክተሮችም ፍሪሲዮን በተረገጠ ቁጥር ፓምፑ ስለሚቆም ማንሻው ይቆማል። ይህ የአሠራሩ ጠባይ እንጂ ብልሽት አይደለም።

ከዚያ በኋላ ማረሻው ተፈትቶ ክንዶቹ ባዶአቸውን ይሞከሩ። ባዶ ክንዶች በፍጥነት ከተነሱ ማረሻው ራሱ ይጠርጠር። የዋልካ አፈር በእርጥበት ጊዜ በዲስኮቹ ላይ ሲጋገር ከማረሻው ክብደት ላይ የማይናቅ ጭነት ይጨምራል። ለትልቅ ትራክተር የተሠራ ማረሻ ለአነስተኛው ተገጥሞም ይገኛል። በሁለቱም ሁኔታ የደኅንነት ቫልቩ እየጮኸ ዘይት መመለሱ ሥራውን መሥራቱ ነው።

ዘይት

ይህ ክፍል ከሌሎቹ ይልቅ በሰፊው የቀረበው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዘይት ጋር የተያያዘው ችግር እጅግ ብዙ ስለሆነና ለማረምም እምብዛም ወጪ ስለማይጠይቅ ነው።

የዘይቱ መጠን የሚለካው ትራክተሩ ሜዳ ቦታ ቆሞ፣ ማረሻው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። ማረሻው ተነስቶ ሳለ ቢለካ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ዘይት ስለማይቆጠር ልኬቱ ያሳስታል። በልኩ የነበረ ዘይትም የሚገለበጥ ተሳቢ ሲያያዝ ሊያንስ ይችላል፤ የተሳቢው ሲሊንደር ተዘርግቶ ሳለ ብዙ ሊትር ዘይት ይዞ ይቆያልና። ዳገት ላይ ብቻ ማንሳት የሚያቅተው፣ ሜዳ ላይ ግን ደኅና የሚሆን ትራክተር ካጋጠመ ገና ሌላ ነገር ሳይታሰብ ዘይት ይጨመርበት። ትራክተሩ ሲያዘነብል ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ሸሽቶ የመሳቢያው አፍ አየር ላይ ይቀራል።

የውሰት ተሳቢን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የሌላ ትራክተር ተሳቢ በፈጣን መጋጠሚያ በተያያዘ ቁጥር በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የባዕድ ዘይት ከነቆሻሻው ወደ ራስ ትራክተር ይገባል። ከተጋባ በኋላ መለያየት አይቻልም። መጋጠሚያዎቹ ሳይጠረጉ ከተገጠሙ ደግሞ በአፋቸው ላይ ያለው አቧራ ሁሉ አብሮ ይገባል። በመጋጠሚያዎቹ ላይ የጎማ ክዳን አለመኖሩ በየቦታው የሚታይ ቸልተኝነት ነው። ክዳኑ ቢጠፋ እንኳ ንጹሕ የፕላስቲክ ከረጢት ማሰር አያቅትም።

ዘይቱ ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። በክረምት ሜዳ ላይ ያደረ ትራክተር የማርሽ እጀታው ጎማ ከተቀደደ ዝናቡ በዚያ ይገባል፤ በኃይለኛ ውኃ ሲታጠብም እንዲሁ። ጥርጣሬ ካለ ጥቂት ዘይት በጠርሙስ ተወስዶ ይደር፤ ብዙ ውኃ ካለ ከሥር ይዘቅጣል። ለጥቂት ውኃ ደግሞ የቆርቆሮ ክዳን በእሳት አግሎ፣ ከእሳቱ ላይ አንስቶ፣ ከነዳጅና ከትራክተሩ ርቆ ሁለት ሦስት ጠብታ ዘይት ማንጠባጠብ ይበቃል። ከተንጣጣ ውኃ አለበት፤ ጸጥ ብሎ ከጨሰ የለበትም። ፊት መራቅ አለበት። ውኃ የገባበት ዘይት አይጠገንም፤ በሞቀበት ሰዓት ይደፋ፣ ማጣሪያውም ይቀየር። የሚደፋው ዘይት ከጉድጓድ ውኃና ከወንዝ ርቆ በበርሜል መጠራቀም ይኖርበታል።

ዘይቱ አረፋ ከደፈቀ የገባው አየር ነው። ወይ ዘይቱ አንሷል፣ ወይ በመሳቢያው ወገን ያለ መጋጠሚያ ላልቷል። በመሳቢያ ቱቦ ላይ ያለ ልል መጋጠሚያ ዘይት ላያንጠባጥብ ይችላል፤ ወደ ውጭ ከማፍሰስ ይልቅ ወደ ውስጥ አየር ይስባልና። «ምንም የሚያፈስ ነገር የለም» ተብሎ የሚታለፈው በዚህ ምክንያት ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ዙሪያ ግራሶ ይቀባ፤ ከተቀባ በኋላ የፓምፑ ጩኸት የቀነሰበት መጋጠሚያ ጥፋተኛው ነው። በዚህ ሥራ ላይ እጅ ከሚሽከረከር ክፍል ይጠበቅ።

የዘይቱን ዓይነት በሚመለከት የአምራቹ መጽሐፍ የሚያዘውን መከተል እንጂ ያለውን መጨመር አይገባም። ካምቢዮውና ሃይድሮሊኩ አንድ ዘይት በሚጋሩበት ትራክተር ላይ ዘይቱ ጥርሶቹንም ፓምፑንም፣ በአንዳንዱም በዘይት ውስጥ የሚሠራውን ፍሬን ጭምር የሚያገለግል መሆን አለበት። አምራቹ ሳያዝ 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት የተሞላበት ፓምፕ ዘይቱ ስለሚወፍርበት በጠዋት ይጮኻል። በአንጻሩ ቀጭን የሃይድሮሊክ ዘይት ብቻ የተሞላበት ካምቢዮ ጥርሱ ይበላል። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት መሙላት ቁጠባ አይደለም። የፍሬን ዘይት ደግሞ ጠብታውም ቢሆን መግባት የለበትም፤ ለማዕድን ዘይት የተሠሩትን ጎሚኒዎች ያበላሻል።

ማጣሪያና የደጋው አየር

ፓምፕ ዘይት ይስባል ይባል እንጂ ዘይቱን ወደ ፓምፑ የሚገፋው በማጠራቀሚያው ላይ የሚያርፈው የአየር ክብደት ነው። ይህ ክብደት በባሕር ወለል ላይ 1 ባር ያህል ሲሆን፣ 2400 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ወደ 0.75 ባር ይወርዳል። እንግዲህ አሰላን በመሰለ አካባቢ የሚሠራ ፓምፕ ዘይት የሚያገኝበት ግፊት ከመጀመሪያውም በአንድ አራተኛ ቀንሷል ማለት ነው። በዚህ ላይ የጠዋቱ ብርድ ዘይቱን ሲያወፍረውና ማጣሪያው በከፊል ሲደፈን ፓምፑ በበቂ አይሞላም። በውስጡ ባዶ ፊኛዎች እየተፈጠሩ ይፈነዳሉ፤ ጠጠር እንደሚፈጭ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ብረቱም እየተቦረቦረ ይሄዳል። በቆላ ገና የሚያገለግል የሚመስል ማጣሪያ በደጋ ፓምፕ ሊያበላሽ የሚችለው ለዚህ ነው። ስለሆነም በደጋ አካባቢ የማጣሪያው መጥረጊያ ጊዜ መጽሐፉ ካዘዘው መዘግየት የለበትም፤ በጠዋትም ሞተሩ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በሚኒሞ ሠርቶ ማንሻው ጥቂት ጊዜ ባዶውን ከተንቀሳቀሰ በኋላ ወደ ሥራ መግባት ይሻላል።

የብረት ወንፊት የሆነው ማጣሪያ በንጹሕ ናፍጣ ታጥቦ መልሶ ይገጠማል። የወረቀቱ ፊልትሮ ግን አይታጠብም፣ ይቀየራል። ከመታጠቡ በፊት በወንፊቱ ላይ የተገኘው ነገር በነጭ ጨርቅ ላይ ይራገፍና ይመርመር። ማግኔት የሚያነሳው ቅንጣት ከብረት ጥርስ ወይም ከኩሽኔታ የመጣ ነው። ማግኔት የማያነሳው ቢጫማ ቅንጣት ከነሐስ ቡሽ ነው። ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ከቱቦ ወይም ከጎሚኒ፣ የጨርቅ ክር ደግሞ ከመጨረሻው ጥገና የቀረ ነው። ጥቂት ደቃቅ የብረት ዱቄት አያስደነግጥም፤ በጣት የሚያዝ ስብርባሪ ሲገኝ ግን ትራክተሩ መሥራት ማቆም አለበት።

ምልክቶቹን ስለማንበብ

ዘይቱና ማጣሪያው ደኅና ሆነው ችግሩ ካልተወገደ ወደሚቀጥለው ይታለፋል።

ባዶ ክንዶችም ጨርሶ ሳይነሱ፣ ሞተሩም ምንም ጭነት እንደተጫነበት ሳያሰማ ከቀረ፣ ዘይት አልሄደም። ፓምፑን የሚያዞረው ዘንግ ወይም መጋጠሚያ ተሰብሯል፣ አለዚያም የእጀታው ዘንግ ከቫልቩ ተላቋል። ሞተሩ እጀታው ሲነሳ ጎበጥ ብሎ የሚያቃስት ከሆነ ግን ፓምፑ በሕይወት አለ። ዘይቱ እየሄደ በደኅንነት ቫልቩ እየተመለሰ ነው፤ የተያዘ ነገር ይፈለግ። የማንሻው አግዳሚ ዘንግ ግራሶ አጥቶ ዝጎ ሊሆን ይችላል።

በጠዋት ደኅና አንስቶ እኩለ ቀን ላይ የሚደክም ማንሻ በየስፍራው ይገኛል። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የቀጠነ ዘይት በተበላ ፓምፕ፣ በተበላ ቫልቭ ወይም በደከመ ጎሚኒ በኩል ይሾልካል። ይህ የመበላት ምልክት ነው፤ ሆኖም የተበላው የትኛው እንደሆነ ገና አልታወቀም።

ለመለየት የመያዝ ሙከራ ይደረግ። ማረሻው ተነስቶ የክንዱ ከፍታ በጠመኔ ምልክት ይደረግበት፤ ሞተሩ ይጥፋ፤ ማንም ሰው ሳይጠጋ 10 ደቂቃ ይቆይ። በፍጥነት የወረደ ከሆነ በሲሊንደሩ ጎሚኒ ወይም በቫልቭ በኩል ይሾልካል። ሞተሩ እየሠራ ክንዶቹ በየጥቂት ሴኮንዱ ወረድ ነሳ እያሉ የሚነቀንቁ ከሆነም ምክንያቱ ይኸው ነው፤ የሾለከውን ዘይት ፓምፑ እየተካ ነው ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ትራክተር ላይ ፓምፕ መቀየር በቀዳዳ ማሰሮ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። በፈርጉሰን ዓይነት ላይ የፓምፑ መውጫ ቫልቮች ራሳቸው ሸክሙን ስለሚይዙ በእነሱም በኩል ሊሾልክ ይችላል፤ ይሁን እንጂ የሚታደሰው ቫልቩ ነው እንጂ ፓምፑ ሙሉ በሙሉ አይጣልም።

በአንጻሩ ማንሻው በደንብ ይዞ ሲያበቃ፣ ሲያነሳ ግን ዝግ የሚል፣ ሞተሩ ፍጥነት ሲጨመርለትም የሚሻለው ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፓምፑ ያደላል። የውጭ መስመሩ ለብቻው የሆነ ትራክተር ካለ ሌላ ሙከራ አለ። የራሱ ተሳቢ ተያይዞ ይነሳ። ተሳቢው በኃይል ተነስቶ ክንዶቹ እምቢ ካሉ ፓምፑ ነፃ ነው፤ ጥፋቱ በክንዶቹ ቫልቭ ወይም ሲሊንደር ወገን ነው።

ተነስቶ የማይወርድ ማረሻም ያጋጥማል። የመውረጃ ፍጥነት መቆጣጠሪያው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በቅድሚያ እሱ ይታይ። ቀጥሎ ዝገት ይፈለግ። ማረሻው ላይ ቆሞ በእግር መርገጥ ግን አደጋ ነው፤ በድንገት ይለቃል።

በሥራ ላይ ሳለ ማረሻው ብቅ ጥልቅ የሚል ከሆነ ከዘይቱ በፊት የላይኛው ማያያዣ ይታይ። ያለ ቦታው ባለ ቀዳዳ የታሰረ ወይም በላይኛው ማያያዣ በኩል ያለው መቆጣጠሪያ ሞላ የላላ ይሆናል።

ስለ ደኅንነት ቫልቩ

ማንሻው ሲደክም የደኅንነት ቫልቩን ማጥበቅ ወይም ከሞላው ሥር ሮንዴላ መጨመር የተለመደ መድኃኒት ሆኗል። ይህ ጽሑፍ አጥብቆ ይቃወመዋል። ድካሙ ከመሾለክ የመጣ ከሆነ ማጥበቁ አንዳች ነገር አያሻሽልም። ድካሙ ከሸክም ብዛት የመጣ ከሆነ ደግሞ ግፊቱ ከተፈቀደው በላይ ወጥቶ ቱቦ ያፈነዳል፣ የፓምፑን ዘንግ ይቆርጣል፣ የማንሻውን ሽፋን ይሰነጥቃል። የተሰነጠቀ ሽፋን ከፓምፕ የበለጠ ያስወጣል፤ መለዋወጫውም በቀላሉ አይገኝም። ቫልቩ በቆሻሻ ምክንያት አልገጥም ብሎ ከሆነ ተፈትቶ ይጸዳል፤ ልኩን የሚወስነው ግን ማኖሜትር ነው።

ማኖሜትር

እስከ 250 ባር የሚለካ ማኖሜትር ከነመጋጠሚያው አንድ ዩኒየን ቢገዛ ለብዙ ማኅበራት ይበቃል። በውጭ መስመሩ መጋጠሚያ ላይ ይታሰራል፤ ዘይቱ እስኪሞቅ ትራክተሩ ይሠራል፤ ከዚያ መጽሐፉ ባዘዘው የሞተር ፍጥነት እጀታው ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ እስከ መጨረሻው ተነስቶ ይነበባል። ንባቡ መጽሐፉ ከሚለው ጋር ከተስማማ ፓምፑም የደኅንነት ቫልቩም ደኅና ናቸው። ካነሰ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ በቅድሚያ ርካሹ ቫልቩ ይጸዳና ሙከራው ይደገም። ማኖሜትር ግፊትን እንጂ የዘይቱን ብዛት አይለካም፤ ስለዚህ ሙሉ ግፊት እያሳየ ዝግ ብሎ የሚያነሳ ትራክተር ቢገኝ አያስገርምም። ማኖሜትር ከሌለ የሙቀቱን ነገር ማስተዋል ይረዳል፦ ከሌላው ክፍል ቀድሞና አብዝቶ የሚሞቀው ቦታ ዘይት በጠባብ ቀዳዳ የሚሾልክበት ነው።

መካኒክ ሲጠራ

እስከዚህ ድረስ የተደረገው ሁሉ በወረቀት ይያዝ። የትራክተሩ ዓይነትና ቁጥር፣ የሠራበት ሰዓት፣ የዘይቱ ዓይነትና መቼ እንደተቀየረ፣ ችግሩ በብርድ ወይስ በሙቀት እንደሚታይ፣ በ10 ደቂቃ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ፣ በማጣሪያው ላይ ምን እንደተገኘ ይጻፍ። ይህን ይዞ በስልክ የሚነግር ማኅበር መካኒኩ ትክክለኛውን መለዋወጫ ይዞ እንዲመጣ ያደርጋል፤ «አያነሳም» ብቻ ያለ ማኅበር ግን ሁለት ጊዜ የመጓጓዣ ይከፍላል።

ክፍሉ የሚከፈተው በጥላ ሥር፣ ሲሚንቶ ወይም የተነጠፈ ሸራ ላይ፣ ውጭው በሙሉ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ነው። የሚጠረግበት ጨርቅ ክር የማይረግፍ ይሁን። የተፈታ ሲሊንደር ወይም ቫልቭ አሮጌ ጎሚኒው ተመልሶ አይገጠምም፤ የአንዱ ዋጋ ክፍሉን ዳግም ለመክፈት ከሚወጣው ድካም ጋር አይወዳደርም። የተለወጠው አሮጌ ክፍል ለማኅበሩ ይመለስና በምን በኩል እንደተበላ ሾፌሩ ይመልከተው።

ከጥገና በኋላ ክንዶቹ ባዶአቸውን ከ10 እስከ 15 ጊዜ ተነስተው ይውረዱና አየሩ ይውጣ፤ ዘይቱ እንደገና ይለካ። ከመጀመሪያው 5 የሥራ ሰዓት በኋላ ወንፊቱ ወጥቶ ይታይ፤ ከዚያም በአዲሱ ፓምፕ የመጀመሪያ 50 ሰዓት ሲሞላ አንድ ጊዜ ይደገም።